የለቅሶ ሥርዓት በሩቅም በጎረቤትም
(በእድራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ሞት ያልገባበት ቤት የለም፤ የለቅሶው ሥርዓት ግን እንደየሕዝቡ ይለያያል። ይህን ማንሳታችን ያለምክንያት አይደለም። ጥሩምባ በተነፋ ማግስት «እገሊት እኮ እንባም አልወጣት!» የሚል ወሬ በሠፈራችን ይሰማል። ይህ በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው። በእኛ አስተያየት ምንጩ የሌላውን ሥርዓት አለማወቅ ነው።

ከሩቁ እንጀምር። በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ደሴት የሚኖሩት ቶራጃዎች ሰው ሲሞትባቸው ቶሎ አይቀብሩም። አስከሬኑን እንዳይበላሽ አድርገው እቤት ያቆዩታል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት። ቀብሩ እስኪደርስ ድረስ «ታመመ» እንጂ «ሞተ» አይባልም፤ ምግብም ይቀርብለታል። ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ ለድግሱ የሚታረደው ጎሽ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። መቼም ለተዝካር ብሎ ዕዳ የገባ ሰው የምናውቅ ሁሉ በዚህ ልንስቅ አይገባንም።

አይሁዶች በበኩላቸው ቶሎ ቀብረው ሰባት ቀን በዝቅተኛ መቀመጫ ለሐዘን ይቀመጣሉ። ከቀብር መልስ የመጀመሪያውን ምግብ የሚያመጣው ጎረቤት ነው፤ እንቁላልና ምስር የተለመደ ነው፤ የኛን ንፍሮ ያስታውሳል። ጠያቂ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ ሐዘንተኛው ሳይናገር ወሬ አይጀምርም።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። በክርስቲያኑ ቤት ሙሾ ይወርዳል፣ ደረት ይደቃል፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። በሙስሊሙ ቤት ግን እንባ ባይከለከልም እየጮሁ ማልቀስ፣ ፊት መንጨትና ልብስ መቅደድ አይፈቀድም። ሟች ታጥቦ፣ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ፣ ቢቻል በዕለቱ ይቀበራል። እንግዲህ ጠዋት ሰምቶ «ከሰዓት እደርሳለሁ» ያለ ሰው ቀብሩ ያመልጠዋል። ለሌላው ቤተሰብ ሐዘኑ ሦስት ቀን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ፣ ኢዳ ትቀመጣለች። ጌጥና ሽቶ ትተዋለች፤ ያለ አስፈላጊ ጉዳይም ከቤቷ አትወጣም። ታዲያ ይህችን ሴት «ለቅሶ አልደረሰችንም» ብሎ መቀየም፣ ከስብሰባ ቀረች ብሎ መቅጣት ምን ይባላል? ገበያ የሚሄድ ጎረቤት ጎራ ብሎ «ምን ላምጣልሽ?» ቢላት አይሻልም?

ስለሆነም ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ኢዳ ላይ ላለች አባል የቀሪ ቅጣት እንዳይጻፍባት፤ ይህ የደንብ ለውጥ ስለሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም አስቀድሞ ቤተሰቡ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ጥሩምባ ነፊያችን የሟችን ስም ብቻ ሳይሆን የቀብሩንም ሰዓት አብሮ ይናገር።