የአጎቴ አውራ ጣት

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እናንተም ለክረምት ዕረፍት ወደ ወገል ጤና የተመለሳችሁ የሕግ ተማሪዎች፤

ንግግር አድርግ ስትሉኝ ስለ ሕግ የበላይነት ይደሰኩርልናል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እሱን በቴሌቪዥን ጠግባችሁታል። እኔ የማወራው ስለ አጎቴ አውራ ጣት ነው።

በ2000 ዓ.ም. እዚሁ ደላንታ፣ ፀሐይ መውጫ ላይ ኦፓል ሲገኝ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጎረምሳው ማረሻውን ጥሎ ዶማ እየያዘ ገደል ወረደ። አጎቴም ልጆቹን ይዞ ሊቆፍር ስንቅና ባትሪ ከአንድ ነጋዴ በዱቤ ወሰደ። ወረቀት ቀረበለት፤ ማንበብ አይችልም፤ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ወረቀቱ ለካ “ድንጋይ ካልወጣ ዕዳው እጥፍ ይሆናል” ይል ኖሯል! ድንጋይ አልወጣም። የእርሻ በሬዎቹን ሸጦ ከፈለ።

እኔ ያኔ ከአገር ርቄ ሕግ እማራለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728፣ ማንበብ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይኸው ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ። ጽፌ “ኤ” አገኘሁ! አጎቴ ግን በሬዎቹን ይነዳ ነበር። አይ የኛ መማር!

በ1998ቱ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ “ኤክስተርንሺፕ” የሚባል የተግባር ትምህርት ገብቷል። ደግ ነው። እኔ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ግን ፋይል ሲያስደረድረኝና ፎቶ ኮፒ ሲያስነሣኝ ከረመ። ሪፖርቱ ላይ ምን ተጻፈ? “በቂ ልምድ ቀስሟል!”

የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ለድሃ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጥተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ባላገሩ ወደዚያ የሚሄደው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነና ከሄደም፣ ከተከሰሰ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያቆመው በወንጀል ለተከሰሰ ችግረኛ ነው። በውል ለተያዘው ማን አለው?

ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች፣ ከመምህራችሁ ጋር በገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጥብቅና ቁሙ አላልኩም፤ ፈቃድም የላችሁም። ሰዉ ጣቱን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት ወረቀቱን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። የወለዱን፣ የቀኑን፣ የምስክሮቹን ነገር ጠይቁለት። “አይ፣ ይኼማ ይረጋገጥ” በሉ። አንድ ክረምት እንዲህ የሠራ ተማሪ የውል ሕግን ከደብተሩ በላይ ያውቀዋል። ነጋዴው ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ! ሐቀኛው አይከፋውም።

ትምህርት ቤቶቹም ይህን እንደ በጎ ፈቃድ ሥራ ሳይሆን ማርክ እንደሚሰጥበት ትምህርት ይቁጠሩት፤ ያለዚያ የዘንድሮው ልጅ ሲመረቅ ጠረጴዛው ባዶ ይቀራል።

ጠረጴዛውንና ሁለት ወንበር እኔ እችላለሁ። የአጎቴ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ካለ አሁን ስንወጣ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።