ተቃዋሚ እንጂ ጠላት ያልነበራቸው ሰው

(አንጋፋውን አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ሴናተር ቦብ ዶልን ለመዘከር የተደረገ ንግግር)



እኛ ዘንድ ስለሞተ ሰው ሲነሳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ያንን ልማድ ልተወው። ዲሴምበር 5 ቀን 2021 በ98 ዓመታቸው ያረፉት ሴናተር ቦብ ዶል መልአክ ነበሩ ብዬ ብነግራችሁ ዋናው ቁም ነገር ያመልጠናል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምናገረው።)

ዶል ለፓርቲያቸው ወገባቸውን የታጠቁ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሰላ ሪፐብሊካን ነበሩ። ከ1971 እስከ 1973 የፓርቲው ሊቀመንበር ሆነው ለኒክሰን ጥብቅና ቆመዋል። በ1976 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ አሜሪካ በክፍለ ዘመኑ የገባችባቸው ጦርነቶች ሁሉ የዴሞክራቶች ጦርነቶች ናቸው ብለው በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ተናገሩና ብዙ ሰው አስቀየሙ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት በሁለቱም ወገን ሊከበር ቻለ?

ነገሩ የሚጀምረው ከሆስፒታል ነው። የካንሳሱ ወጣት ዶል ኤፕሪል 14 ቀን 1945፣ የጣሊያኑ ጦርነት ሊያበቃ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ክፉኛ ቆሰለ። ከሦስት ዓመት በላይ በሕክምና ተንከራተተ። ቀኝ እጁ ግን ዳግመኛ አልሠራም። በኋላ ሴናተር ሆነውም፣ ሰው ሊጨብጣቸው ሲመጣ ያቺን እጅ እንዳይዝባቸው እስክሪብቶ ያስጨብጧት ነበር። ሚችጋን ውስጥ በነበረው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል አብረዋቸው ከተኙት ቁስለኞች መካከል ፊሊፕ ሃርትና የጃፓን ዝርያ ያለው የሃዋይ ልጅ ዳንኤል ኢኖዬ ይገኙበታል። ኢኖዬ ከዶል አንድ ሳምንት በኋላ፣ እዚያው ጣሊያን ውስጥ፣ ቀኝ ክንዱን ያጣ ነው። ሦስቱም ኋላ ሴናተር ሆኑ፤ ዶል በሪፐብሊካን፣ ሁለቱ በዴሞክራት። በ2003 የቀድሞው ሆስፒታል ሕንጻ በሦስቱም ስም ተሰየመ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ጆርጅ ማክገቨርን በ1972 ኒክሰንን ለመጣል የተወዳደሩ ዴሞክራት ናቸው። ያኔ የሪፐብሊካኖቹን ጎራ በሊቀመንበርነት የመሩት ደግሞ ዶል። ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ተባብረው የምግብ ኩፖን ሕጉን አሻሻሉ። ከዚያ በፊት ድሃው ኩፖኑን ለማግኘት መጀመሪያ ጥሬ ገንዘብ መክፈል ነበረበት። ገንዘብ የሌለው እንግዲህ ጦሙን ያድራል ማለት ነው። የ1977ቱ ሕግ ይህን ክፍያ አስቀረ። ሁለቱም የስንዴ አገር እንደራሴዎች ስለነበሩ ገበሬያቸውም እንደሚጠቀም አላጡትም። ይሁና! ጥቅምና ጽድቅ አንዳንዴ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

እስቲ ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ፤ 1977። አዲስ አበባ ላይ ቀይ ሽብር የታወጀበት ዓመት ነው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ዓይነት መፈክር ያሰሙ ልጆቻችን በድርጅት ስም ተለያይተው ሲገዳደሉ፣ እዚያ ማዶ ግን በምንም የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በድሃ እራት ተስማሙ። ልዩነቱ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከደግነት ነው አልላችሁም። እዚያ የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለውም ቀን በሕይወት እንደሚኖርና ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

የማክገቨርንና የዶል ስም በ2002 በሕግ ለቆመው የትምህርት ቤት ምገባ ፕሮግራም መጠሪያ ሆነ፤ በ2008ም የዓለም ምግብ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። ፕሮግራሙ እኛም ዘንድ ደርሷል። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች፣ የሁለቱን ሰዎች ስም ሰምተው የማያውቁ ተማሪዎች በልተውበታል።

የ1983ቱን የጡረታ ሕግም ልጥቀስ። ገንዘቡ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት፣ ዶልና ዴሞክራቱ ሞይኒሃን የከሸፈውን ድርድር መልሰው አስነሱት። መፍትሔው መዋጮ የሚጨምር፣ የጡረታ ዕድሜ የሚያራዝም ስለነበር ሁለቱንም ወገን የሚያስኮርፍ ነው። በዚያው ዓመት የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በዓል ሆኖ እንዲከበር፣ በ1990 ደግሞ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ እንዲወጣ ቆመዋል።

በ1996 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው በክሊንተን ተሸነፉ። ክሊንተን ለሁለተኛ ዘመን ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ያሸነፉትን ሰው ዋይት ሐውስ ጠርተው ከፍተኛውን የሲቪል ኒሻን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። እኛ አገር ተሸናፊ ቤተ መንግሥት ሲጠራ ለምን እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ!

ክብር ግን ድምፅ አይሆንም። ዲሴምበር 4 ቀን 2012 ሴኔቱ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ለማጽደቅ ተሰበሰበ። የ89 ዓመቱ ዶል በተሽከርካሪ ወንበር፣ በባለቤታቸው እየተገፉ አዳራሹ ድረስ መጡ። የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች እየቀረቡ ሰላም አሏቸው። ከዚያ ሄደው አብዛኞቹ «አይሆንም» አሉ። 61 ለ38፤ ለሁለት ሦስተኛው አምስት ድምፅ ጎደለ። ተቃውመው ድምፅ የሰጡት 38ቱም ሪፐብሊካን ነበሩ።

በዚያው ወር ኢኖዬ ዐረፉ። አስከሬናቸው በካፒቶል ጉልላት ሥር ሲቀመጥ ዶል እንደገና በተሽከርካሪ ወንበራቸው መጡ። ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሊደርሱ ሲሉ ግን፣ ዳኒ በወንበር ተቀምጬ እንዲያየኝ አልፈልግም ብለው፣ ሰው ደግፏቸው ተነሡና ቆመው ተሰናበቱት።