የሹመት ስምና ትርጉሙ



በማኅበር ውስጥ ያሉ ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚጠሩባቸውን ስሞች ስንመረምር፥ ላይ ላዩን የክብር ስም የሚመስሉት ከሥር መሠረታቸው የሥራ ስም ሆነው አገኘናቸው።

ከላቲን የመጡትን እንይ። «ሚኒስተር» ማለት አገልጋይ ነው፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ለሾሟቸው ሹማምንት የተሰጠው ስም ይኸው ነበር። «ሴክሬታሪ» ምሥጢር ጠባቂ ነው። የክፍላችን «ሞኒተር» አስታዋሽና አስጠንቃቂ ነው እንጂ ቀጪ አይደለም። «ካፕቴን» ራስ ከሚለው ቃል ወጣ፤ እኛም ርእሰ መምህር የምንለው በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን «ሜምበር» ነው። በላቲን የአካል ክፍል ማለት ነው፤ በግዕዝም አባል ማለት ይኸው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ማኅበርን በሰው አካል መሰሉት።

እነሆ፥ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ አለቃ፥ ሌላው ምንዝር ይሆናል። አለቃ የሆነው አገልጋይ መባሉን አይርሳ። ምንዝር የሆነውም፥ እግር ካልተራመደ ራስ የትም እንደማይደርስ ዐውቆ፥ ራሱን አይናቅ፤ ሥራውንም ለሌላ አይተው።