የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይባል

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር፤ ስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን የተለጠፈ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

በዛሬው አጀንዳችን ሦስተኛ ተራ ላይ የተያዘው ጉዳይ «ስለ ጉብኝት» ይላል። ይህን ያዩ አንዳንድ አባላት «ደግሞ ይኼ ምን ያደርግልናል? ጉብኝት የፈረንጅ ሥራ ነው» ሲሉ ሰምተናል። እውነትም እኛ ዘንዘልማዎች ፈረንጅን የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት በእኛ በኩል ያልፋል፤ እንግዳውም አብሮ ያልፋል። እኛ እናየዋለን፣ እሱም ያየናል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ታዲያ ይህ እንግዳ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ምን አይቶስ ይመለሳል? ይህን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል ብለን ስላመንን በአጭሩ እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው በአውሮፓ ሠራተኛ የሆነ ሰው በየዓመቱ ደመወዙ ሳይቋረጥ ያርፋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ ቢያንስ የ4 ሳምንት ዕረፍት ይሰጠዋል። ብዙው ሰው ይህን ዕረፍት አገር በማየት ያሳልፈዋል። አንድ ከተማ ላይ አልጋ ይይዝና ጠዋት ወጥቶ አንድ ነገር አይቶ ማታ ይመለሳል። ፓሪስ ያደረው ቬርሳይ የሚባለውን የነገሥታት ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል። ናፖሊ ያደረው በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብራ የነበረችውን የፖምፔን ከተማ አይቶ ይመለሳል። የደርሶ መልስ ጉብኝት ማለት ይኸው ነው።

የእኛም አገር ጉብኝት በዚሁ መልክ የተዘጋጀ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ የቱሪዝም ሥራ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲደራጅ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚያያይዝ የታሪክ መስመር ተዘረጋ። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን የአገራችንን መጠሪያ ያወጡትም እኚሁ ሰው ናቸው። በዚህ መስመር ላይ ባሕር ዳር የሚደርሳት ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ እንግዳው ስለ እኛ አካባቢ የሚያውቀው ሁሉ በዚያች ቀን ውስጥ ያየውንና የተነገረውን ብቻ ነው ማለት ነው።

ያች ቀን እንዴት እንደምታልፍ ደግሞ እንንገራችሁ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ በጀልባ ወደ ጣና ይወጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ዕድል ከቀናው ጉማሬ ያያል። ከደንገል የተሠራውን ታንኳ ያያል፤ ይህንን ሙያ ከጥንት ጀምረው የያዙት ወይጦዎች ናቸው። ከዚያም አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዘጌ ይደርሳል። በጫካው ውስጥ በቡናው መካከል በእግሩ ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም አዝዋ ማርያምን ይሳለማል፤ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን የተሳለውን ሥዕል እያየ ይደነቃል። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንት ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነ ሕዝቡ የኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ጫካውም እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ራቅ ብሎ ዳጋ እስጢፋኖስንና በደቅ ደሴት ያለውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ልይ ያለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለሐይቁ መስጠት አለበት።

ከሰዓት በኋላ መኪና ይዞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ይሄዳል። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በእግሩ ተሻግሮ ወደ 42 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ የሚወረወረውን ፏፏቴ ያያል። ይህ ፏፏቴ እኮ በአንድ ብር የወረቀት ገንዘብ ጀርባ ላይ የነበረው ነው። ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው ኖረናል። በዓይኑ ያየው ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው? እስቲ እጅ አውጡ ብንል ጥቂት እጅ ነው የሚወጣው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች 1770 ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጥቶ አይቶታል። እኛ ግን እርሻ፣ ልጅ ማሳደግና የመኪና ዋጋ ይዞናል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስላል።

ስለ ፏፏቴው አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። በፈረንጆች 1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ሲጀምሩ ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ጣቢያዎቹ መሄድ ጀመረ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ቅሬታ ለማሰማት አይደለም። ነገር ግን በመጋቢት የሚመጣ እንግዳ የሚያየው ውሃ በነሐሴና በመስከረም እንደሚታየው አይደለም። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው ተታለልኩ ብሎ ይሄዳል። አብዛኛው አውሮፓዊ የሚመጣው የአገሩን ብርድ ሸሽቶ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በጊዜ የመጣው ጥሩ ያያል፣ የዘገየው ያነሰውን ያያል። እውነቱን የሚነግረው ሰው ይከበራል፤ የሚደብቀው ግን አንድ ቀን ያተርፍና ስሙን ያጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቀን እንግዳ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? በኢጣልያ አገር ቬኒስ የምትባል በውሃ ላይ የተሠራች ከተማ አለች። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰው ሰው ስለበዛባት በፈረንጆች ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ሳያድር ለሚመለስ ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። እኛ የሰው ብዛት አላስቸገረንም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል፤ እንግዳ ስላለፈ ብቻ አገር አይጠቀምም። የሚጠቀመው የሚያሳይ፣ የሚያስረዳና የሚያስተናግድ ሰው ሲኖር ነው።

በእኛ መንገድ ዳር ግን የሚታየው ሌላ ነው። መኪና ሲቆም ልጆቻችን «ዩ! ዩ!» እያሉ ይሮጣሉ። አንዱ ብር፣ አንዱ ካራሜላ፣ አንዱ እስክሪብቶ፣ አንዱ ባዶ ሃይላንድ ይለምናል። በትምህርት ሰዓት እንኳ የሚሮጥ አለ። ልጁን አንሰድበውም፤ ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው። ነገር ግን ያ ልጅ «ይህ ሐይቅ ስሙ ማነው? ይህ መንገድ የት ያደርሳል? እዚህ ምን ይመረታል?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው እንዲኖረው እንፈልጋለን። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። አባትና እናት ያላዩትን ልጅ ከማን ይስማ?

ከዚህም በላይ ያለንበት ጊዜ አለ። በ2012 ኮሮና መጣ። ከ2013 ጀምሮ በሰሜን ጦርነት ሆነ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ ተነሳ። እንግዳው ቀነሰ፤ ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠው ሁሉ ተጎዳ። እነዚህ ሰዎች ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው። ፈረንጁ እስኪመለስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ? የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ፈረንጁ እስኪመለስ ድረስ እንግዳው እኛ እንሁን። የራሳችንን አገር በራሳችን ገንዘብ ሄደን እንይ። ጀልባ ነጂው እንጀራ ያገኛል፣ ልጃችን ዕውቀት ያገኛል፣ እንግዳ ሲመለስም የሚያስረዳ ሰው ይጠብቀዋል።

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ አባላት ቀደም ብለን አካፍለን ነበር። አንድ አባታችን «ልጆቼ፣ ሽርሽር ለጠገበ ነው» አሉን። አንዲት እናታችንም «የለቅሶው ሳጥን እያለ ገንዘቡን ለመዝናኛ?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለሆነም ከለቅሶው ሳጥን አንዲት ሳንቲም አይነካም። የሚሄደው ሰው ራሱ ያዋጣል፤ አቅም ለሌለው ሽማግሌና አሮጊት ደግሞ ያለው ይሸፍንለታል። አባታችንንም «አባባ፣ ባይጠገብም ዓይን ይራባል፤ እርስዎ አብረውን ቢሄዱ ደግሞ ልጆቹ ከእርስዎ የሚሰሙት አለ» ብለናቸዋል። ሳቅ ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውን እሺ ብለን ወስደነዋል።

በመሆኑም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጢስ ዓባይ ይሁን። ጊዜው አጨዳ ሳይደርስ፣ ውሃውም ሳይቀንስ፣ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፤ ሌላው ጉዞ ወደ ዘጌ ይሁን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት እናቶቻችንን ዳር አስቀምጠን መሄድ አይገባንም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወንዱም ሴቱም ይሳለማል። ከገዳም ሲገባ ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፤ ይህን እኛ ለእናንተ አንነግርም፣ ለወጣቶቹ ግን ይነገር።

ሦስተኛ፤ የጀልባና የመኪና ዋጋ ሳይሳፈሩ በፊት ይቆረጥ። ጀልባው ስንት ሰው እንደሚችል ይጠየቅ፣ ከዚያ በላይ አይጫን። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለው ጀልባ ላይ ልጅ አይሳፈር። ከሰዓት በኋላ ጣና ስለሚናወጥ ጉዞው በጠዋት ይሁን።

አራተኛ፤ ከ5ኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይሂዱ። ያዩትንና ከሽማግሌ የሰሙትን ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቆመው ያንብቡልን። ጥሩ የጻፉት ጽሑፍ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

አምስተኛ፤ የመንገዱ ሰላም ከሁለት ቀን በፊት ይጠየቅ። አስጊ ከሆነ ጉዞው ይተላለፋል፤ የተዋጣውም ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ስንቅ በየቤቱ ይዘጋጅ። ቆሎም ይሁን በሶ፣ ዳቦም ይሁን እንጀራ፣ ያለውን ይዞ መጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር አብሮ መብላት ነው። ላስቲክና ቆሻሻ ግን ወደ ቤት ይመለስ። ጣና በፈረንጆች 2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ጥብቅ የተፈጥሮ ሀብት ነው፤ እምቦጭ የጀመረውን ጥፋት እኛ በላስቲክ መጨመር የለብንም።

የተከበራችሁ አባላት፤ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ያለንን እንድናውቀው ነው የጠየቅናችሁ። መሄድ የሚፈልግ እስከ መስከረም 20 ድረስ ስሙንና ይዟቸው የሚሄዳቸውን ልጆች ቁጥር ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሉ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንድታሰሟቸው በትሕትና እናሳስባለን።

እግዚአብሔር ሰላሙን ያውርድልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ዘንዘልማ