ስለ ተጣጣፊ ጠረጴዛ አሠራር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ መኝታ ክፍሎቻችን የማጥኛ ጠረጴዛ አጥንተን እንድናቀርብ ማኅበሩ በሰጠን አደራ መሠረት፣ ዛሬ በፊታችሁ ቆመን ለመናገር በመቻላችን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ከመካከላችሁ «ስለ ጠረጴዛ ደግሞ ምን ንግግር ይደረጋል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። በዚህ መድረክ ስለ ልማት፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ አስተዳደር ብዙ ተብሏል፤ ስለ አራት እግርና ስለ አንድ ገበታ የተናገረ ግን የለም። ይሁንና እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ስንቶቻችን ነን በአልጋ ላይ ተጋድመን፣ ደብተራችንን በጉልበታችን አስደግፈን ለፈተና የምናጠናው?

ነገሩ የቦታ ነገር ነው። ባለ ሁለት ደርብ አልጋዎች በግራና በቀኝ ከተደረደሩ በኋላ በመካከል የሚቀረው መተላለፊያ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቋሚ ጠረጴዛ ቢገባ በሩ እኩል ተከፍቶ ይቀራል፤ ባይገባ ደግሞ መጻፊያ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ በሌሊት ይዘጋል። ቤተሰቡ እዚሁ ከተማ የሆነለት ተማሪ በፈተና ሰሞን ወደ ቤቱ ሄዶ በእናቱ ጠረጴዛ ላይ ያጠናል፤ ከሩቅ አገር የመጣው ግን የንድፍ ወረቀቱን ወለል ላይ ዘርግቶ፣ በእንብርክኩ ይሥላል። ስለዚህ የጠረጴዛው ነገር የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ማን እኩል ተዘጋጅቶ ፈተና ይገባል የሚል ጥያቄም ነው።

«ጠረጴዛ» የሚለው ቃል ከግሪክኛው «ትራፔዛ» የመጣ ሲሆን፣ የቃሉ ሥር «ባለ አራት እግር» ማለት ነው። ዕቃው ስሙን ያገኘው ከእግሩ ነው እንጂ ከገበታው አይደለም። እኛም ጥናታችንን ስንሠራ ያገኘነው ይህንኑ ነው፤ ገበታው ማንም ሊሠራው የሚችል ጣውላ ነው፤ ጣጣው ሁሉ ያለው እግሩ ላይ ነው።

የሚታጠፍ የቤት ዕቃ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 የቱታንክሐሙን መቃብር በግብፅ ሲከፈት፣ ከወርቁ ጋር በሦስት የሚታጠፍ አልጋ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከ3,300 ዓመት አያንስም። በጃፓን አገር ደግሞ ያው አንድ ክፍል ቀን መብያ፣ ሌሊት መኝታ ስለሚሆን፣ «ቻቡዳይ» የተባለው እግሩ የሚታጠፍ አጭር ጠረጴዛ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በየቤቱ ተስፋፋ። ማታ እግሩ ይታጠፍና ግድግዳ ተደግፎ ያድራል፤ በስፍራው ፍራሽ ይዘረጋል። የኛ ችግር ከዚያ ችግር ብዙ አይርቅም። በአገራችንም ቢሆን ሁለት እንጨቶች መሐል ለመሐል ተሻግረው እየተከፈቱ የሚቆሙበትን አትሮንስ በቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ የመታጠፍን ዘዴ ያውቀዋል።

የአትሮንሱ ዓይነት ተሻጋሪ እግር በመጀመሪያ ሲታይ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። አንድ ብሎን መሐል ላይ ይበቃዋል። መጽሐፍ ለመሸከም በእርግጥ መልካም ነው። ለማጥኛ ጠረጴዛ ግን ሁለት እንከን አለበት። ሁለቱ እግሮች ወደ ውጭ እንዳይንሸራተቱ ከላይ የሚይዛቸው ነገር ይፈልጋሉ፤ ያም ከገበታው ጋር እየተያያዘ እየተፈታ የሚኖር መያዣ ነውና ቶሎ ይላላል። በተጨማሪም እንጨቶቹ የሚሻገሩት ልክ ተማሪው ጉልበቱን በሚያስገባበት ቦታ ነው። ሰውየው ወደ ጎን ዞሮ እንዲጽፍ የሚያስገድድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ አልነው እንጂ እንቅፋት ነው።

ስለዚህ የመረጥነው እግሩ ከገበታው ሥር የሚታጠፈውን ነው። ገበታው ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታው 73። በያንዳንዱ ጫፍ ሁለት እግሮች በአግዳሚ ተያይዘው አንድ ጥንድ ይሆኑና፣ ጥንዱ በማጠፊያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እዚህ ላይ ሒሳብ ይመጣል። ማጠፊያዎቹ ከየጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ሲተከሉ በመካከላቸው 84 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ እግሮቹ ግን እያንዳንዳቸው 70 ያህል ናቸው። ሲታጠፉ መደራረባቸው የግድ ነው። አንዱን ጥንድ አጥብቦ በሌላው ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሠሪዎች ይህን ያደርጋሉ። ሌላው መንገድ ሁለቱንም እኩል ሰፊ አድርጎ፣ አንዱን ጥንድ በአንድ እግር ውፍረት ማለትም በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባለ አግዳሚ ላይ ማንጠልጠል ነው። በዚህ መንገድ የታጠፈው ጠረጴዛ 10 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ከመጀመሪያው በ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። እኛ የወፈረውን መርጠናል። ከአልጋ ሥር ለመግባት 10 ሴንቲ ሜትር አያግደውም፤ እግሩ በአንድ ወገን የጠበበ ጠረጴዛ ግን በዚያው ማዕዘን በኩል ክርኑን ለሚያስደግፍ ሰው አይታመንም።

ስለ ስምንቷ ሴንቲ ሜትር ትንሽ እንቆይ። እግሩን ወደ ውስጥ ባስገባነው መጠን መታጠፉ ይቀላል፤ ነገር ግን ገበታው ከእግሩ ውጭ የሚተርፈው ይበዛል። የጠረጴዛው ክብደት 12 ኪሎ ነው እንበል። እግሩ ከጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ሲገባ፣ ጠረጴዛውን ለመገልበጥ ጫፉ ላይ ወደ 63 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ያስፈልጋል። 15 ሴንቲ ሜትር ቢገባ ግን 28 ኪሎ ይበቃዋል። 63 ኪሎ ማለት ጫፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ 28 ኪሎ ማለት ከወንበሩ ለመነሣት በእጁ የተደገፈ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሰው «ውረድ!» ልንለው እንችላለን፤ ሁለተኛውን ግን ምን ብለን እንቆጣዋለን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ገበያ ውስጥ ያሉትን ተጣጣፊ ጠረጴዛዎች ስንመለከት፣ አብሮን የነበረ አንድ ሽማግሌ አናጢ አንዱንም እንኳ ከላይ አልተጫነውም፤ በዳሌው ጎን ለጎን ገፋ እያደረገ ብቻ ያልፍ ነበር። «ልጆች፣ ከላይ የሚጫነውንማ ሁሉም ይችለዋል» አለን። እውነቱን ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ከላይ የተጫነበትን ይሸከማል። ጠረጴዛን የሚያወላግደው ከጎን የሚመጣው ነው፤ ሰው ሲያልፍ የሚገፋው፣ ላጲስ ስንፈገፍግ የሚነቀንቀው። ለማጠፍ ብለን የምናስገባው መጋጠሚያ ሁሉ ደግሞ ለዚህ ግፊት የተከፈተ በር ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ጠረጴዛውን በርዝመቱ አቅጣጫ በ10 ኪሎ ግፊት ቢገፋው፣ ሁለቱ ጥንዶች አምስት አምስት ኪሎ ይካፈላሉ። ይህ ትንሽ ነው። ነገር ግን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው እግር እንደ መፈንቅል ሆኖ ያበዛዋል። እግሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ማጠፊያው ብቻ ከሆነና መያዣው ከመደገፊያው የሚርቀው 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጠመዝማዛ ምስማሮቹን ለመንቀል የሚስበው ኃይል ወደ 120 ኪሎ የሚጠጋ ይሆናል። የርካሽ ጠረጴዛ ማጠፊያ በአንድ ዓመት ውስጥ ተነቅሎ የሚንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተጠቃሚው ባለጌ ስለ ሆነ አይደለም። ከእግሩ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከገበታው ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ለክተን በሰያፍ ደጋፊ ብናገናኛቸው ግን ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ በደጋፊው ላይ የሚያርፈውም ኃይል ወደ 17 ኪሎ ይወርዳል። አራት ማዕዘን ይወላገዳል፤ ሦስት ማዕዘን ካልተሰበረ በቀር ቅርጹን አይለውጥም። የሒሳብ መምህሮቻችን ይህን በሰሌዳ ላይ አሳይተውናል፤ በእጅ ሲነካ ግን ሌላ ነው።

ደጋፊው ራሱ መታጠፍ አለበትና መሐሉ ላይ ጉልበት እናበጅለታለን። ሁለቱ ጫፎቹ ከእግሩ ማጠፊያ በእኩል ርቀት ከተተከሉ፣ ደጋፊውም ከእኩል ሁለት ቁራጮች ከተሠራ፣ እግሩ ሲተኛ ደጋፊው በሁለት ተደርቦ አብሮ ይተኛል። ርቀቱ ካልተስተካከለ አንዱ ይቀድምና ሌላው ይነክሳል። ጉልበቱ ሲዘረጋ ልክ በቀጥታ መሥመር ላይ መቆም የለበትም። ቆሞ የሚጠብቅን ሰው ተመልከቱ፤ ጉልበቱን ወደ ኋላ ትንሽ ስለሚገፋው ሳይደክም ይቆማል፤ ቀልደኛ ጓደኛው ከኋላ መጥቶ ነካ ሲያደርገው ግን ይታጠፋል። እንደዚሁ የደጋፊውን ጉልበት ከቀጥታው መሥመር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አሳልፈን ማቆሚያ ላይ እናሳርፈዋለን። ያን ጊዜ እግሩ ወደ ውስጥ በተገፋ ቁጥር ጉልበቱ ይበልጥ ወደ ማቆሚያው ይጫናል። ለማጠፍ ሲፈለግ ከታች ወደ ላይ በጣት ነካ ማድረግ ነው። የተቀመጠ ሰው ሳያስበው በጉልበቱ እንዳይመታውም፣ ከቱቦላሬ የተቆረጠች ቀለበት በራሷ ክብደት ወርዳ መጋጠሚያውን ታቅፈዋለች። ደጋፊውም ለያንዳንዱ ጥንድ አንድ ብቻ ሆኖ በስፋቱ መካከል ስለሚውል፣ በሁለቱ መካከል፣ ጉልበት በሚገባበት ከፍታ፣ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀራል።

ስለ እንጨቱ ብዙ አንናገርም። ለእግር ባሕር ዛፍ እንጠቀማለን፤ ጠንካራ ነው፣ በየቦታው አለ፤ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የደረቀውን መምረጥ ግዴታ ነው። ዋንዛ ለመላግ ከሱ ይሻላል፤ ይሁንና ዛፉ እየተመናመነ ሳለ ለዚህ እንዲቆረጥ አንመክርም። ለገበታው ኮምፔንሳቶ እንጂ ቺፑድ አንፈልግም። ቺፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ማጠፊያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስማሩ ቀዳዳውን እየፈጨ ይወጣል። ጠመዝማዛ ምስማርም በእንጨት ጫፍ በኩል ሲገባ በደንብ ስለማይጨብጥ፣ ኃይል በሚበዛበት ቦታ ሁሉ ብሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው አሳልፈን እናጠብቃለን። ከእግሩ ሥር የሚለጠፈው በረባሶ ከሚሠራበት ያረጀ የመኪና ጎማ ነው፤ ወለል ላይ አይንሸራተትም፣ ድምፅም አይሰጥም። በማጠፊያው አካባቢ ደግሞ ክፍተቱ ወይ ጣት የማይገባበት ጠባብ፣ ወይ ጣት ገብቶ የማይጨፈለቅበት ሰፊ መሆን አለበት። መካከለኛው ነው ጣት የሚቆርጠው።

አንዳንድ ወንድሞች «ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ተገዝቶ ቢታደል አይሻልም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እነዚያ ጠረጴዛዎች ቀላል ናቸው፣ የእግራቸውም መቆለፊያ እኛ አሁን ያስረዳነው ዘዴ ነው፤ ከነሱ ተምረናልና አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ገበታው አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ የሚጠግነው የለም፤ የተሰበረ መያዣውም ለብቻው አይገኝም። በየመጋዘኑ ጥግ እግራቸው ተነቅሎ የተከመሩትን ሁላችንም አይተናል። የኛው ጠረጴዛ ማጠፊያ ግን የበር ማጠፊያ ነው፤ በማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፤ ደጋፊው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ብየዳ የሚያውቅ ሁሉ ይሠራዋል። ክፍሉ ውስጥ የሚኖረው ተማሪ ራሱ አንድ መፍቻ ይዞ ብሎኑን ሊያጠብቅ ይችላል። በክብደት እንደምንሸነፍ አንክድም፤ 12 ኪሎ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ከአልጋ ሥር ተስቦ የሚወጣ እንጂ በጀርባ የሚጓዝ ዕቃ አይደለም።

ከማኅበሩ የምንጠይቀው ይህ ነው። ለያንዳንዱ ክፍል አንድ ጠረጴዛ እንዲሠራ የእንጨቱና የብረቱ ወጪ በመጪው ስብሰባ ለውሳኔ ይቅረብ፤ ሥራውን በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአናጢው ጋር ሆነን እኛው እንሠራለን። ቀዳዳዎቹ በየጠረጴዛው እኩል እንዲሆኑ ከላሜራ የተቆረጠ መለኪያ አዘጋጅተናል፤ መቦርቦሪያ ለሚያበድረን ሰው ደግሞ ምስጋናችን አስቀድሞ ይድረሰው። መጀመሪያ የሚዳረሰው በፈተና ሰሞን ወደ ቤተሰቡ መሄድ የማይችል ተማሪ ለሚበዛባቸው ክፍሎች እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን፤ በዚህ የማይስማማ ካለ ተቃውሞውን አሁኑኑ ቢያሰማ ደስ ይለናል።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ እነሆ ከኋላችን ቆሟል። እስከ ዓርብ ድረስ በዚሁ አዳራሽ ይቆያል። ጎኑን ግፉት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጡበት፤ አጥፋችሁ ዘርጉት። የላላ ነገር ያገኘ ሰው በአጠገቡ ባለው ደብተር ላይ የላላበትን ቦታና ስንት ጊዜ እንዳጠፈው ይጻፍልን።