የቦንጋ መንገድ ዝናብና የጎማ ኬሚስትሪ



ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ዝናብ አይለየውም። ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዝ የሰዎቹ ሕይወት በጎማው ላይ ይወድቃል። የጎማውም ጠባይ የሚወሰነው ቀደም ሲል በፋብሪካ፣ በሊቲየም አቶም ዙሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ማይክል ሽዋርትስ የአኒዮን ፖሊመር ሰንሰለት ጫፍ «ሕያው» ሆኖ እንደሚቆይ አሳየ። በዚሁ ስልት ቡታዲን፣ ብቻውን ወይም ከስታይሪን ጋር፣ በቡቲል ሊቲየም አማካይነት ሰው ሠራሽ ላስቲክ ይሆናል። በሄክሴን ውስጥ ሊቲየሙ ከካርቦን ጋር ተጣብቆ፣ እርስ በርሱም ተቧድኖ ስለሚቆይ፣ የቡታዲኑ የቪኒል ቅርንጫፎች ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ላስቲክ ብርድን ይችላል፤ ቶሎም አያልቅም፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ግን ያንሸራትታል።

ቴትራሃይድሮፉራን ወይም ቴትራሜቲል ኤቲሊን ዳያሚን ሲጨመር፣ በኦክስጅኑ ወይም በናይትሮጅኖቹ ኤሌክትሮኖች ሊቲየሙን ይይዛል፤ ቡድኑን ይበትናል፤ ከካርቦኑም ያላላዋል። ያን ጊዜ ቅርንጫፎቹ ከመቶ 50 ሊያልፉ ይችላሉ፤ ላስቲኩም እርጥብ መንገድን አጥብቆ ይይዛል።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ቅርንጫፍ ሲበዛ ጎማው ቶሎ ይበላል፤ የምላሹ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ተጨማሪው ከሊቲየሙ ስለሚላቀቅ ቅርንጫፉ ይቀንሳል። መጠኑንና ሙቀቱን አመዛዝኖ መወሰን የመሐንዲሱ ኃላፊነት ነው።

ለከፋ መንገዶች ጎማ የሚመርጥ ባለሙያም «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» በማለት ብቻ ሊወሰን አይገባውም፤ «በዝናብ በስንት ሜትር ይቆማል?» ብሎም ይጠይቅ።