የመጠጥ ሱስ በቤተ ሰብ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ቤተ ሰብ ስለሚመከርበት መንገድ
(ለአገር ሽማግሌዎችና ለእድር ዳኞች የተደረገ ንግግር)



በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በመጠጥ ሱስ ሲያዝ በሽተኛው አንድ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤቱ በሙሉ ይታመማል። ሚስቱ በር እስኪንኳኳ ድረስ ጆሮዋን ወደ ውጭ ሰጥታ ታመሻለች፤ እርሱ ገብቶ ከተኛም በኋላ እርስዋን እንቅልፍ አይወስዳትም። ልጆቹ የአባታቸውን የእግር ኮቴ ብቻ ሰምተው በሰላም መምጣቱን ወይም በቁጣ መምጣቱን ለይተው ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ያስተማራቸው ፍርሃት ነው።

ጠላ ለሰንበቴና ለዝክር፥ ጠጅ ለሠርግና ለእንግዳ ክብር ከጥንት ጀምሮ የቆዩ ናቸውና ይህ ንግግር የአገርን ወግ ለመንቀፍ የቀረበ አይደለም። የሚነገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። የጠላ ኃይል እንደ አጠማመቁ ቢለያይም ከ100 እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን፥ አረቄ ግን ከ30 እስከ 45 እጅ ይደርሳል። ማለዳ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ አረቄ ቤት የሚገሠግሥ ሰው ደስታ ፍለጋ የሚሄድ አይደለም፤ መንቀጥቀጡን ሊያስቆም ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው «አእምሮ የለህም፥ ልጆችህ አያሳዝኑህምን?» ብሎ መገሠጽ ትኩሳት የያዘውን ሰው ስለ ሙቀቱ እንደ መቈጣት ነው።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ጆን ጃክሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የጠጪዎችን ሚስቶች ለብዙ ጊዜ ተከታትለው፥ ቤተ ሰብ በዚህ መከራ ውስጥ በየደረጃው እንደሚያልፍ ጽፈው ነበር። ጽሑፉ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ቢሆንም፥ ያነበበው ሰው የጎረቤቱን ቤት ያስታውሳል። በመጀመሪያ ነገሩ የለም ይባላል፤ ሚስት ለእድሩ «ጨጓራውን አሞት ነው» ትላለች፤ ለመሥሪያ ቤቱም ትኩሳት ይዞታል ብላ ትልካለች። ቀጥሎ ገመናው እንዳይታይ ቤቱ በሩን ይዘጋል፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ይቀራሉ፤ ዘመድ ሲመጣ ሰበብ ይፈለጋል። ከዚያም ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ የአንገት ወርቅዋ ይሸጣል፤ የአረቄ ቤቱ ዱቤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀድማል። በመጨረሻም ሚስቲቱ ጉልት ተቀምጣም ሆነ እንጀራ ጋግራ ቤቱን በራስዋ ትከሻ ታቆመዋለች፤ የበኵር ልጅዋም ገና በአሥራ ሁለት ዓመትዋ የታናናሾችዋ እናት ትሆናለች። አባወራው በገዛ ቤቱ እንደ ደባል ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። ሰውየው መጠጡን ሲተው ችግሩ ያበቃ ይመስላል፤ ሽማግሌዎችም መርቀው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ነገር ግን ቤቱ ያለ እርሱ መኖርን ተምሯል። ገንዘቡ በሚስቲቱ እጅ ነው፤ ልጆቹ የሚታዘዙት ለእርስዋ ነው፤ እርሱ ደግሞ በአንድ ጊዜ የቀድሞ ሥልጣኑን ይሻል። እርስዋም ስንት ጊዜ የተታለለች ናትና ቁልፉን አትሰጥም። ብዙ ጠብ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰውየውም ተበሳጭቶ ወደ መጠጡ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ከዕርቁ በኋላ በሁለተኛውና በስድስተኛው ወር ተመልሶ ቢጠይቅ፥ በዕርቁ ዕለት ከሚሠራው ሥራ ይበልጥ ይሠራል።

ስለ መሐላም መነገር ያለበት አለ። ጠጪውን በሽማግሌ ፊት አቁሞ «ሁለተኛ ብትቀምስ!» ብሎ ማስማልና ማስገዘት የቆየ ልማድ ነው። በመሐላ የዳኑ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን የሱስ በሽታ ማገርሸት ጠባዩ ነው፤ የማለው ሰው አንድ ቀን ሲወድቅ በሕመሙ ላይ የመሐላ አፍራሽነት ኀፍረት ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወዲያ ተደብቆ ይጠጣል፤ ከሽማግሌውም ይሸሻል። «ብትወድቅ ለማን ትነግራለህ?» ብሎ አንድ ሰው አስመርጦ መሄድ ከመሐላው ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዘመድ በቅንነት የሚያደርገው ስሕተት ነው። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረን ሰው በድንገት ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ፥ ወይም ሐኪም ሳያየው ሩቅ ወደ ሆነ ጸበል መውሰድ ሊገድለው ይችላል። መጠጥ ካቆመ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል፤ ይህም ካልታከመ ነፍስ ያጠፋል። ለዚህ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት አለ። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ሐኪሙ ይቅደም ነው የሚባለው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል፥ በናይሮቢም የማታሪ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ሲያክሙ የኖሩ ናቸው።

ጠጪው «አልታመምሁም፥ አልታከምም» ካለ ዘመድ ምን ያደርጋል? በዚህ ጥያቄ ላይ በአሜሪካ ሦስት ልዩ ልዩ መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው በ1951 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተቋቋመው አል-አኖን የተባለው የጠጪ ዘመዶች ማኅበር ነው፤ ሚስት ባልዋን መለወጥ እንደማትችል ተቀብላ የራስዋን ኑሮ እንድታቀና ይረዳታል። ሁለተኛው ቨርነን ጆንሰን የተባሉ ቄስ ያስፋፉት ሲሆን፥ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጠጪውን ፊት ለፊት የሚናገርበት ነው፤ ከእኛ አገር ሽምግልና ጋር ይቀራረባል። ሦስተኛው ሚስቲቱን ወይም እናቲቱን ራስዋን የሚያሠለጥን ነው። በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሚለርና ሮበርት ሜየርስ ከባልደረባቸው ጋር ሦስቱን በ130 የጠጪ ዘመዶች ላይ አወዳድረው በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፥ በሦስተኛው መንገድ ከ100 ጠጪዎች 64ቱ ወደ ሕክምና ሲገቡ በስብሰባው መንገድ 30፥ በአል-አኖን መንገድ 13 ብቻ ገብተዋል። አል-አኖን ግን የሚደክመው ለዘመዱ ዕረፍት እንጂ ጠጪውን ለማስገባት ስላልሆነ በዚህ ቁጥር ሊነቀፍ አይገባውም። በስብሰባውም መንገድ ብዙዎቹ ዘመዶች እስከ ስብሰባው ዕለት ሳይደርሱ ቀርተዋል፤ የሚወዱትን ሰው በአደባባይ ማዋረድ ከበዳቸው።

ሦስተኛው መንገድ ለማስረዳት ቀላል፥ ለመፈጸም ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ሚስቲቱ ባልዋ በየትኛው ቀን፥ ከማን ጋር፥ ከምን በኋላ እንደሚጠጣ ታስተውላለች። ሳይጠጣ በገባበት ማታ ቡናው ይፈላል፤ ራቱ አብሮ ይበላል፤ ደስታዋንም አትደብቅም። ጠጥቶ ሲገባ ጠብ የለም፤ ነገር ግን ጨዋታም የለም፤ ከልጆችዋ ጋር ትተኛለች። ስለ እርሱ አለቃውን አትዋሽም፤ የአረቄ ቤት ዱቤውን አትከፍልም፤ የጠጣው የሚያመጣበትን እርሱው እንዲያየው ትተወዋለች። ሕክምናውን የምታነሣለትም ሰክሮ ሳለ ሳይሆን፥ በመጠጡ ምክንያት ራሱ ባፈረበት ማለዳ ነው፤ ያን ጊዜም የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ ተጠይቆ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ለምትደበደብ ሴት አይነገርም። ለእርስዋ የሚቀድመው ደኅንነትዋ ነው፤ ወደ ወላጆችዋ ቤት ወይም ወደ ፖሊስ መሄድዋ ባልን መክዳት አይደለም። «ቻይው፥ ትዳር እንዲህ ነው» ብሎ የሚመልሳት ሽማግሌ በኋላ ለሚደርስባት ተጠያቂ ነው።

ስለ ጫትም በአጭሩ፤ በሐረርና በድሬዳዋ፥ በጅቡቲና በሐርጌሳ የብዙ ቤት የዕለት ገቢ የሚያልቀው በዚህ ቅጠል ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ቅመም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከተቈረጠ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚደክም ነው ጫት ጫኞች መኪናዎች እንዲያ የሚከንፉት። ቃሚው ሲተው ዱካኩ ያስጨንቀዋል፤ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ መጠጥ የሚጨምርበትም ብዙ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ሱስ ሲመክሩ ሌላውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። በጓዳ የሚወጣው አረቄ ግን ቀድሞውንም ማስታወቂያ አላስፈለገውም። በአርሲ ነገሌ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚሁ አረቄ ነው፤ አንዱን ቤት ያፈረሰው ብርጭቆ ሌላውን ቤት እንዳቆመ ማወቅ አውጪዎቹን ከመስደብ ያድናል።

የቀሩት ልጆቹ ናቸው። በሽምግልናው መካከል እነርሱን የሚጠይቃቸው የለም፤ ከጓዳ ሆነው ግን ሁሉን ይሰማሉ፤ ብዙዎቹም አባታቸው የሚጠጣው በእነርሱ ጥፋት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሽማግሌ በሚላክበት ቤት ሁሉ ለልጆቹ አንድ ሰው፥ አክስትም ብትሆን አስተማሪ ወይም የክርስትና እናት፥ ይመደብላቸው፤ ጥፋቱ የእነርሱ አለመሆኑን ነግሮ፥ ሌሊት ጠብ ቢነሣ የማንን በር እንደሚያንኳኩ ቤቱን ወስዶ ያሳያቸው።